መራጩ ዐይን ከወዴት ቆሞ ያያል?

በሰው ምርጫ ስለሚመራው የዝግመተ ለውጥ ስሌትና ስለ ሕዝብ እንቅስቃሴ የቀረበ ሒስ

ብዙ ሰው በአንድ ስፍራ ሲሰበሰብ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፥ በየትኛው በር እንደሚፈስና የት ላይ እንደሚጨናነቅ አስቀድሞ ለማወቅ መፈለግ የቆየ ምኞት ነው። በዘመናችን ይህ ምኞት የኮምፒዩተር ሥራ ሆኗል። ሕዝቡ በነጥቦች ይመሰላል፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ጥቂት የአካሄድ ደንብ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ነጥቦቹ ተለቀው በኅብረት የሚያደርጉት ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከነዚህ ሥራዎች መካከል አንዱን ዘዴ መርምሮ የሚመሰገንበትንም የሚነቀፍበትንም መናገር ነው። ዘዴው ነጥቦቹን የሚገራቸው በሒሳብ ቀመር ብቻ ሳይሆን ከስክሪኑ ፊት በተቀመጠው ሰው ምርጫ ስለ ሆነ፥ በአጭሩ «የምርጫ ስሌት» ብለን እንጠራዋለን።

ነገሩ ከጨዋታ የሚቈጠር አይደለም። የነጥቦቹ ሥዕል የፊልም ማሳመሪያ ሆኖ በሚቀርበት ጊዜ ስሕተቱ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን በዚያው ሥዕል ተመርቶ የአደባባይ በር የሚሠራ፥ አጥር የሚያጥር፥ ወይም ሕዝብ የሚያሰልፍ ሰው ቢሳሳት ስሕተቱ በሕይወት ይከፈላል። ስለዚህ ዘዴው ከመንጋ ወደ ሕዝብ ከመሻገሩ በፊት ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶችና ቀኖች በአውሮፓውያን፥ ሰዓቶቹ ግን በአገራችን አቈጣጠር ናቸው።)

1. ዘዴው ምንድን ነው?

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ ከመነሻው እንጀምር። በ1987 ክሬግ ሬይኖልድስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ የወፎችን መንጋ በሦስት ደንቦች ብቻ ለማስመሰል እንደሚቻል አሳየ። የመጀመሪያው ደንብ «ከጎረቤትህ ጋር አትጋጭ» ነው፤ ሁለተኛው «ጎረቤቶችህ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ሂድ» ነው፤ ሦስተኛው «ወደ ጎረቤቶችህ መካከል ቅረብ» የሚል ነው። መሪና አዛዥ የላቸውም፤ ሆኖም ነጥቦቹ አብረው ይታጠፋሉ፤ እንቅፋት ሲገጥማቸው ተከፍለው ያልፋሉ፤ ካለፉም በኋላ እንደ ገና ይገናኛሉ። በ1992 በወጣው «ባትማን ሪተርንስ» በተባለው ፊልም ውስጥ የሚታዩት የሌሊት ወፎችና የፔንግዊኖች መንጋ በዚሁ ዐይነት ዘዴ የተሠሩ ናቸው።

ደንቦቹ ቀላል ቢሆኑም ልካቸውን ማግኘት ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ነጥብ ምን ያህል ርቀት ያያል? ምን ያህል ይፈጥናል? ከጎረቤቱ የሚሸሽበት ኀይል ወደ ጎረቤቱ ከሚስበው ኀይል ምን ያህል ይበልጣል? አንዱ ልክ በጥቂቱ ሲለወጥ መንጋው ይበተናል፤ ሌላው ሲለወጥ አንድ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የወጥ ቅመም እንደ መመጠን ያለ ነው፤ ቀማሽ ያስፈልገዋል።

የምርጫ ስሌት ይህን ቀማሽ የሚያስገባ ዘዴ ነው። መሠረቱ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ገበሬው ማሽላው ሳይታጨድ በማሳው እየተዘዋወረ ደኅናውን ራስ ለዘር ይመርጣል፤ የመረጠውን ይዘራል፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚያው ያደርጋል። ዳርዊንም በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ የጀመረው ሰዎች ርግቦችንና ሌሎችን ለማዳ እንስሳት እየመረጡ እንደምን እንደ ለወጧቸው በመንገር ነው። ጆን ሆላንድ በ1975 ማዳቀልንና ድንገተኛ ለውጥን ወደ ኮምፒዩተር ስሌት አግብቶ በሰፊው አብራራ። ሪቻርድ ዶኪንስ በ1986 ተመልካቹ ከስክሪኑ ላይ አንዱን ቅርጽ እየመረጠ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሳልፍበትን ፕሮግራም አቀረበ። ካርል ሲምስም በ1997 በቶኪዮ ባሳየው «ጋላፓጎስ» በተባለው ሥራው 12 ስክሪኖችን በአንድነት አቆመ፤ ጐብኚው በወደደው ስክሪን ፊት ሲቆም በዚያ የሚታየው ፍጡር ተመርጦ ዘር ይተካል፤ ያልተመረጡትም ይጠፋሉ።

ዘዴውን በመንጋ ላይ ካዋሉት ሥራዎች መካከል ለዚህ ሒስ የመረጥሁት በአሜሪካ በቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሂሮኪ ሳያማ በ2009 ያሳተሙትን «የመንጋ ኬሚስትሪ» የተባለውን ጥናት ነው። ሳያማ ለእያንዳንዱ የነጥብ ዐይነት 8 ቍጥሮች ይሰጡታል፤ እነርሱም የእይታው ርቀት፥ የተለመደው ፍጥነት፥ የፍጥነቱ ወሰን፥ ሦስቱ የሬይኖልድስ ኀይሎች፥ በዘፈቀደ የመታጠፍ ዕድልና ፍጥነትን የመጠበቅ ዝንባሌ ናቸው። ከዚያም ልዩ ልዩ ዐይነት ነጥቦች እንደ ኬሚካል ይደባለቃሉ። ተመልካቹ በየመስኮቱ ከሚታዩት መንጋዎች ደስ ያሰኘውን ይመርጣል፤ ሁለቱን ያዳቅላል፤ ወይም አንዱን ወስዶ በጥቂቱ ይለውጠዋል። ድብልቁ አንዳንድ ጊዜ በየዐይነቱ ይለያያል፤ አንዳንድ ጊዜም አንዱ ሌላውን ከብቦ ሕያው ሴል የመሰለ ቅርጽ ይሠራል።

2. የሚመሰገንበት

የዚህ ዘዴ የመጀመሪያው መልካም ነገር፥ የሚፈለገው በቃል ሊነገር በማይቻልበት ጊዜ የሚሠራ መሆኑ ነው። «ሕያው ይመስላል» ወይም «ያምራል» የሚለው ነገር በሜትር አይለካም፤ ሰው ግን ባየው ጊዜ ያውቀዋል። ስለዚህ ቀመር ከመፈለግ ይልቅ ሰውየውን ራሱን መለኪያ ማድረግ ብልኅነት ነው።

ሁለተኛው፥ ሒሳብ ያልተማረ ሰው በሥራው ሊሳተፍ መቻሉ ነው። ስምንቱ ቍጥሮች ምን እንደ ሆኑ ሳያውቅ መምረጥ ይችላል። ሦስተኛው፥ ማንም ያላሰበው ነገር መገኘቱ ነው። ገበሬው የሚመርጠው ማሳው ካበቀለው ውስጥ እንደ ሆነ ሁሉ፥ እዚህም መራጩ አስቀድሞ ያልፈለገው መልክ ድንገት ብቅ ይልለታል። ሳያማ ከቤንጃሚን ቡሽ ጋር ሆነው በ2011 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ የመራጩን ሥልጣን አሰፉት፤ መራጩ የትኛውን መንጋ እንደሚወስድ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚያዳቅል፥ መቼ እንደሚለውጥና መቼ እንደሚያጠፋ በራሱ ይወስናል።

በደራሲው ላይ ፍርደ ገምድል እንዳንሆን ይህንም እንጨምር፤ የሳያማ ጥናት ስለ ነጥብ መንጋ የተጻፈ ነው እንጂ ስለ ሰው አደባባይ የተጻፈ አይደለም። ለፊልም ወይም ለሥዕል ጥበብ ከሆነ የመጨረሻው ዳኛ የተመልካች ዐይን ስለ ሆነ ዘዴው በቦታው ነው። የእኛ ሒስ የሚጀምረው «መንጋውን እንዲህ ካሳመረው፥ የሕዝቡንስ አካሄድ ለምን አንገራበትም?» የሚለው ዐሳብ በሚመጣበት ጊዜ ነው።

3. የሚነቀፍበት

ሀ. የመራጩ ድካም። ሂዴዩኪ ታካጊ በ2001 በዚህ ዘዴ ላይ ሰፊ ዳሰሳ ሲጽፉ፥ ሰው ስለሚደክመው ምርጫው ከ10 ወይም ከ20 ትውልድ እንደማያልፍ ገልጸዋል። እኛም ሒሳቡን እንሥራ። በእያንዳንዱ ትውልድ 12 መስኮቶች ቢታዩና 20 ትውልድ ቢደረስ፥ መራጩ ያየው 240 መንጋ ነው። 8ቱ ቍጥሮች እያንዳንዳቸው 10 ደረጃ ብቻ ቢኖራቸው ግን ከአንድ ዐይነት ነጥብ 100,000,000 ልዩ ልዩ መንጋ ሊወጣ ይችላል። በርግጥ ምርጫ ወደ ተሻለው እየተራመደ ስለሚሄድ ሁሉን ማየት አያስፈልገውም። ቢሆንም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚደርሰው ክፉ አጋጣሚ ከ240ው ውስጥ ላይገኝ ይችላል፤ ለሕዝብ ደኅንነት ደግሞ ዋናው ጉዳይ እርሱ ነው። ይህ ጉድለት ግን በጊዜና በዘዴ ሊቃለል ስለሚችል ብዙ አንቈይበትም።

ለ. የመራጩ ስፍራ። ከሁሉ የከፋው ጉድለት ይህ ነው። በስክሪን የሚመርጥ ሰው ሕዝቡን የሚያየው ከላይ ነው። ከላይ ለሚያይ ዐይን ደስ የሚለው ሥርዓት ያለው ነገር ነው፤ ቀጥ ያለ ሰልፍ፥ ለስላሳ ፍሰት፥ ጸጥ ያለ ክምችት። ነገር ግን ጸጥ ያለ የሚመስለው ሕዝብ ለመንቀሳቀስ የማይችል ሕዝብ ሊሆን ይችላል። በዝናብ ቀን ታክሲ ለመያዝ የተጋፋ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ከፎቅ ለሚያይ ሰው አንድ ቦታ የቆሙ ጃንጥላዎች ናቸው፤ በመካከሉ ላለው ግን የጎን አጥንት ትግል ነው።

በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ፥ ሂልስቦሮ በተባለው የእግር ኳስ ሜዳ ኤፕሪል 15 ቀን 1989 የደረሰው እልቂት የዚህ ነገር ምስክር ነው። በውጭ በር ላይ የበረታውን ግፊያ ለማቃለል ከቀኑ 8 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ አንድ ሰፊ የመውጫ በር ተከፈተ። ወደ 2,000 የሚሆን ሰው ገባ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከፊታቸው ባገኙት መተላለፊያ አልፈው አስቀድመው ወደ ሞሉት ሁለት መካከለኛ የመቆሚያ አጥሮች ተጨመሩ። በዚያው ሰዓት በግራና በቀኝ ባሉት አጥሮች ውስጥ ቦታ ነበረ። የፖሊስ መቈጣጠሪያ ክፍል የተሠራው ከዚያው መቆሚያ በላይ ሆኖ ሕዝቡን ቍልቍል የሚያይ ነበር፤ የካሜራ ስክሪኖችም ነበሩት። ይሁን እንጂ የታፈኑት ሰዎች አጥሩን እየዘለሉ ወደ ሜዳው ሲያመልጡ፥ መኰንኖቹ በመጀመሪያ የመሰላቸው ሕዝቡ ሜዳውን ሊወር የተነሣ ነው። ጨዋታው 9 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ላይ ቆመ። በአደጋው ምክንያት የሞቱት 97 ሰዎች ናቸው። በ2016 የአሟሟታቸውን ነገር የመረመረው ሸንጎ፥ ሰዎቹ በሕገ ወጥ መንገድ እንደ ተገደሉና የደጋፊዎቹ ጠባይ ለአደጋው ምክንያት እንዳልሆነ ወስኗል።

እንግዲህ እዚያ የጐደለው ማየት አልነበረም። መስኮትም ካሜራም ነበረ። የጐደለው የሚታየው ነገር ከውስጥ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። የምርጫ ስሌትም ለሕዝብ ሥርዓት ሲውል መራጩን በዚያው መስኮት ላይ ያስቀምጠዋል። ልዩነቱ፥ በስክሪኑ ላይ ያለው ነጥብ አጥር ዘልሎ እንኳ አለማምለጡ ነው።

ሐ. የማይታየው ግፊት። በግፊያ የሚሞት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተረግጦ የሚሞት ይመስለናል። እውነቱ ግን ብዙዎቹ ደረታቸው ተጨንቆ መተንፈስ ስለሚሳናቸው ይሞታሉ፤ ቆመው እንዳሉ የሚሞቱም አሉ። ጆን ፍሩይን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እንደ ጻፈው፥ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ወደ 7 የሚሆኑ ሰዎች ሲቆሙ ሕዝቡ እንደ ፈሳሽ ይሆናል፤ በውስጡ የሚያልፈውም ማዕበል ሰውን ከመሬት አንሥቶ 3 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊወስደው ይችላል። በ2006 በሚና በጠጠር መወርወሪያው ስፍራ ከ340 በላይ ሐጃጆች ሲሞቱ የተነሣውን ቪዲዮ ዲርክ ሄልቢንግና ባልደረቦቹ መርምረው በ2007 አሳትመዋል። ለስላሳው ፍሰት በመጀመሪያ መሄድና መቆም ወደሚፈራረቁበት ሞገድ፥ ቀጥሎም ሰው ወደ ወደደበት ሊረግጥ ወደማይችልበት ነውጥ መለወጡን ያወቁት በስሌት ለክተው ነው።

የዐይንን ድካም የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። በ2000 ሄልቢንግ፥ ፋርካሽና ቪቼክ በአምሳያ ባደረጉት ጥናት፥ ሰው ለመውጣት በተቻኰለ ቍጥር አወጣጡ እንደሚዘገይ አሳዩ፤ ደግሞም በመውጫው በር ፊት ትንሽ ወደ ጎን ያለ ዓምድ ቢቆም ግፊቱን ሊቀንስ እንደሚችል ገለጹ። ከስክሪን የሚመርጥ ሰው በሩን የሚጋርደውን ዓምድ ገና በመጀመሪያው ትውልድ ይጥለው ነበር። በኋላ በሰዎች ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ደግሞ የዓምዱን ጥቅም ሁልጊዜ አላጸኑትም። ከዚህ የምንማረው ዐይንም ሆነ አምሳያ ለብቻው ዳኛ ሊሆን አለመቻሉን ነው።

መ. ነጥብ ወገን የለውም። በሬይኖልድስ ደንብ ጎረቤት ማለት አጠገብ ያለ ነጥብ ብቻ ነው። በሰው ዘንድ ግን እናት ልጇን ይዛለች፤ ጓደኛ የጠፋ ጓደኛውን ለመፈለግ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሽማግሌ ሲወድቅ የማያውቀው ሰው ያነሣዋል። በ2005 በለንደን ባቡሮችና አውቶቡስ ላይ ቦምብ ፈንድቶ 52 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፥ ጆን ድሩሪና ባልደረቦቹ የተረፉትን ሰዎች ቃል መርምረው በ2009 እንዳሳተሙት፥ ሕዝቡ በድንጋጤ እርስ በርሱ ከመረጋገጥ ይልቅ የማይተዋወቁት ሰዎች እንኳ ይረዳዱ ነበር። በሂልስቦሮም ደጋፊዎቹ የማስታወቂያ ሰሌዳ እየነቀሉ ቃሬዛ አድርገው ጉዳተኞችን ሲሸከሙ ታይተዋል። ከላይ ሁከት የመሰለው ነገር ከታች ርዳታ ነበረ። መራጩ ሥርዓት ያለውን ብቻ እየመረጠ የሚሄድ ከሆነ፥ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ነጥብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያጠፋዋል፤ መጨረሻ ላይ የሚተርፈውም ማንንም የማያነሣ ሕዝብ ይሆናል።

4. ምን ይደረግ?

ዘዴው ይጣል ማለቴ አይደለም። በአገራችን የሰብል ምርምር የታየ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። በደብረ ዘይት የተዳቀለውና በ2006 የወጣው «ቍንጮ» የተባለው የጤፍ ዘር የተገኘው ከሁለት ወላጆች ነው። አንደኛው በንጣቱ በገበያ የተወደደ ሲሆን ምርቱ አነስተኛ ነበር፤ ሁለተኛው በምርቱ የበለጠ ነበር። አዳቃዮቹ ለዐይን ብቻ ቢፈርዱ ነጩን፥ ለሚዛን ብቻ ቢፈርዱ ምርታሙን ይዘው ይቀሩ ነበር። ዐይንና ሚዛን አብረው ስለ ፈረዱ ገበሬው የወደደው ዘር ተገኘ። ለሕዝብ እንቅስቃሴም እንዲሁ ሁለት ዳኞች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ሚዛኑ ከዐይን ይቅደም። የሰዉ ጥግግት ከአደገኛው ልክ የደረሰበት አምሳያ ምንም ያህል ቢያምር ለመራጩ ሳይታይ ይወገድ፤ በቀሩትም ላይ ግፊቱ የበረታበት ቦታ በቀለም ተለይቶ ይታይ።

ሁለተኛ፥ መራጩ ወደ ውስጥ ይግባ። መስኮቱ ከሰማይ ብቻ ሳይሆን በመካከል ካለችው አንዲት ነጥብ ዐይንም ያሳይ። መራጮቹም የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ አይሁኑ፤ በር ጠባቂው፥ ሕፃን ያዘለችው እናት፥ በምርኩዝ የሚሄደው አረጋዊ ይምረጡ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ በሴኡል ከተማ በኢቴዎን ኦክቶበር 29 ቀን 2022 የሆነው ግን ከዚህም የከፋ ነው። ባለቤቶቹ ጮኸው ነበር። ሰው ተጨፍልቆ ሊሞት ነው የሚለው የመጀመሪያው ስልክ ለፖሊስ የተደወለው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ላይ ነው፤ እልቂቱ የደረሰው ከ4 ሰዓት ከሩብ ገደማ ጀምሮ ነው። የሞቱት 159 ሆኑ። በውስጥ ያለው ሰው ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ሦስተኛ፥ የተመረጠው አምሳያ መራጩ ባላየው እውነተኛ የሕዝብ እንቅስቃሴ ይፈተን። ለዐይን ስላማረ ብቻ እውነት ነው አይባል።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በጥምቀት በጃን ሜዳ፥ በደመራ በመስቀል አደባባይ የሚሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። በታቦቱ ፊት ምንጣፍ እያነሡ የሚያነጥፉትና እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ የሚያስከብሩት ወጣቶች ሕዝቡ የት ላይ እንደሚገፋ በትከሻቸው ያውቁታል። በዚህ አገር የሕዝብ አምሳያ የሚሠራ ተማሪ ፕሮግራሙን ከመክፈቱ በፊት እነርሱን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ደግሞም በጃንዋሪ 2020 በጐንደር በጥምቀት በዓል ከእንጨት የተሠራ የመቀመጫ ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች መሞታቸውን አንርሳ። በስክሪኑ ላይ ነጥቦቹ የሚረግጡት መሬት መቼም አይሰበርም።

ለማጠቃለል፥ የምርጫ ስሌት የሰውን ዐይን አክብሮ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባ መልካም ዘዴ ነው። ለመንጋ ሥዕል ዐይኑ ይበቃዋል። ለሕዝብ ግን ዐይኑ ከወዴት ቆሞ እንደሚያይ ሳይጠየቅ ሥልጣን ሊሰጠው አይገባም። ይህ ጸሐፊ የተሳሳተበት ነገር ቢኖር ከመምህራኖቻችንና ከተማሪ ጓደኞቹ መታረምን ይወዳል፤ በተለይም ከሦስቱ ዐሳቦች አንዱን በሙከራ የሚያፈርስ ቢገኝ መልሱን በዚሁ መጽሔት ቢያወጣው ሁላችንም እንማርበታለን።